ያላስጨረስኩት ቃል

የደብራችን ቁልፍ ብረት ነው፤ ርዝመቱ ከስንዝር ያልፋል። በመንዝ ብርድ ጠዋት የነካው ሰው እጁን ቶሎ ይሰበስባል። ያን ቁልፍ ወንድሜ አፍ ውስጥ አስገብቼ ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ እኔ የሰባት፣ እሱ የአሥር ዓመት ልጆች ነበርን። ቤታችን ከዘመሮ ወዲያ፣ ከገብስና ከበግ በቀር ሌላ ነገር በማይሆንበት ደጋ ላይ ነበር። በእኛ አገር ልጅ አፉን ሳይፈታ ከቆየ፣ ወይም እንደ ወንድሜ ቃል ጉሮሮው ላይ እየተያዘ ካስቸገረው፣ ወላጆቹ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱትና በበሩ ቁልፍ አፉን ያስከፍቱለታል። ቁልፉ በጥርሶቹ መካከል ይገባና በር እንደሚከፈት ሁሉ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የሚያዞሩት ቁልፉን የሚይዙት ገበዙ ናቸው። የዚያን ቀን ግን ወንድሜ የገበዙን እጅ ሲያይ ጥርሱን ነከሰ። እናቴ ለመነችው፣ አባቴ ተቆጡት፣ አልከፈተም።

ገበዙ ሰልችቷቸው ወደ እኔ ዞሩና፣ «እስቲ አንቺ ሞክሪው። ላንቺ እንቢ አይልም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ለእኔ አፉን ከፈተ። ብረቱ ጥርሱን ሲነካ ያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሦስት ጊዜ አዞርኩና አወጣሁት። ገበዙ «ተፈታ» አሉ፤ እናቴ እልል አለች። ወንድሜ ምራቁን ዋጥ አድርጎ አንድ ነገር ሊናገር ሞከረ፤ ቃሉ እንደ ወትሮው ተያዘ።

ከመሄዳችን በፊት ገበዙ በሩን ሲዘጉ ቆሜ አየሁ። ቁልፉን ወደ ቀኝ አዞሩት። እኔም በወንድሜ አፍ ውስጥ ያዞርኩት ወደ ቀኝ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። የወንድሜን አፍ የቆለፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ስልሳ ዓመት ያህል ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖርኩ።

ጥፋቴን ልካስ ብዬ ይሁን ወይ ከተፈጥሮዬ አላውቅም፣ ከዚያ በኋላ የወንድሜ ምላስ ሆንኩ። እሱ ይጀምራል፣ እኔ እጨርሳለሁ። ሰው ደጃችን መጥቶ «አባትህ አሉ?» ሲለው፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቃሉን ሲገፋ፣ እኔ ከጓሮ «እርሻ ወርደዋል» እላለሁ። ጎረቤቶች ይወዱልኝ ነበር። «ይቺ ልጅ ባትኖር ምን ይውጠው ነበር» ይላሉ። እኔም እኮራ ነበር።

የእኩዮቹ ነገር ሌላ ነበር። «ና እስቲ፣ እነዚህን በጎች ቆጥረን ሳንጨርስ ስምህን ተናገር» ይሉታል። ከቃል ሁሉ የሚያስቸግረው የገዛ ስሙ ነበር። ቆጥረው ጨርሰው እንደገና ይጀምራሉ፤ እሱ አሁንም መጀመሪያው ላይ ነው። እኔ ደርሼ በጭቃ እመታቸዋለሁ፤ ስሙንም እኔው እናገርለታለሁ።

ሳይያዝበት የሚወጣለት አንድ ነገር ቢኖር ንባብ ነበር። የኔታ ዘንድ ከሌሎቹ ልጆች ጋር በዜማ ዳዊት ሲደግም ድምፁ አንድም ቦታ ሳይሰናከል ይወርዳል። ከአጥር ውጭ ቆሜ እሰማው ነበር። ሴት ልጅ ስለሆንኩ ከአጥሩ ወዲህ ቀረሁ፤ ይህ ትክክል አልነበረም፣ ዛሬም አይደለም እላለሁ። የኔታ ደግሞ «ሲያነብ የሚችል ሲናገር የማይችለው ስለማይፈልግ ነው» እያሉ ይገርፉት ነበር። እሱ ግርፊያውን ችሎ ዝም ይላል። ምን ብሎ ይከራከራል?

ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ቆሎ ነበር። እርጎ ቢኖር ቆሎ፣ በዓመት በዓል ጭኮ ቢቀርብ ቆሎ። «የሱ ነገር ቆሎ ነው» እያልን እንስቅ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው የጎረቤታችን ሙክት ጠፋ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የመንደሩ ወንዶች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስበው በየተራ ይምላሉ። እያንዳንዱ የበሩን ቀለበት ይዞ አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አልወሰድኩም ይላል። ሦስት ቃል ነው፣ በቃ። ሴቶች ወዲያ ከጽድ ሥር ተቀምጠን እንሰማለን።

የወንድሜ ተራ ደረሰ። ቀለበቱን ያዘ። አንገቱ ሲወጠር ከኋላው ይታየኛል። አንድ ሰው ሳለ። ሌላው ዱላውን መሬት ላይ አንኳኳ። ከወጣቶቹ አንዱ፣ «ሙክቱ ጉሮሮው ላይ ቀርቷል» አለ፤ ሳቅ ተነሣ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ብድግ ብዬ፣ «አላየም፣ አልሰማም፣ አልወሰደም። እኔ አውቃለሁ» ብዬ ጮህኩ።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ። «ልጄ፣ መሐላ በእህት አፍ አይማልም» አሉ። ከዚያም ወንድሜን፣ «ተቀመጥ አንተ» አሉትና ወደ ቀጣዩ ሰው አለፉ።

ሌባ ነህ ያለው የለም። አይደለህም ያለውም የለም። ሁሉ ምሎ ነጻ ሲወጣ እሱ ብቻ ሳይምል ቀረ። በሳምንቱ ውስጥ ሰው ሲያገኘው ሰላምታውን አሳጠረ። እናታችንን ያከብር የነበረ ሁሉ በግ ሲያስገባ መቁጠር ጀመረ። ዛሬ ሳስበው የሚያቃጥለኝ አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ወንድሜ ሊጨርስ ነበር። የመጀመሪያው ድምፅ ወጥቶለት ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ጥቂት ብንጠብቀው ይምል ነበር። ሽማግሌው አልጠበቁም፣ የሳቁት አልጠበቁም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ከሁሉ ቀድሜ ያላስጨረስኩት እኔ ነኝ።

ከመሐላው በኋላ ሳምንት ሳይሞላ፣ ጉም ምድሩን በሸፈነበት ጠዋት፣ በረት ውስጥ እበት እየዛቅሁ ሳለ ወንድሜ ከቤት ወጣ። የሱፍ ባናውን ደርቧል፣ ዱላውን ይዟል፣ ትከሻው ላይ ስልቻ አለ። በአጥሩ በር ላይ ቆሞ ወደ እኔ ዞረና አፉን ከፈተ። ቃሉ ተያዘ። እኔ እጄ እበት ነው፣ ብርዱ ጣቴን ይቆረጥመኛል፣ ሥራው ገና ነው።

«ገበያ ልሄድ ነው ልትለኝ ነው? ሂድ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

አፉን ዘጋ። ትንሽ አየኝ። እጁን አናቴ ላይ አሳረፈና አንሥቶ ወደ ጉሙ ገባ።

አባቴ ሲጠይቁኝ «ገበያ ሄደ» አልኩ፤ እሱ የነገረኝ ይመስል። ገበያተኛው ሲመለስ እሱ አልተመለሰም። አባቴ በማግስቱ ዘመሮ ሄደው በየበረንዳው ጠየቁ፤ ያየው የለም። እሱ ለካ መንገዱን በሌላ በኩል አድርጎ ወደ መርሐቤቴ ወርዷል። በእኔ ቃል ምክንያት ሁለት ቀን ባልሄደበት መንገድ ተፈለገ። በሦስተኛው ሳምንት ሙክቱ ገደል ሥር እግሩ ተሰብሮ፣ ሞቶ ተገኘ። ሽማግሌው ቤታችን ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ይቅርታውን የሚቀበለው ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሰማነው አንድ ወሬ ብቻ ነው። አንድ የባና ነጋዴ እዚያ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ገበያ ላይ በቅሎ ሲጭን አየሁት አለ። አባቴ ወረዱ፤ አላገኙትም።

ያን ጠዋት ሊለኝ የነበረው ምን ነበር? ባል አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ፣ አሁንም ይህን እጠይቃለሁ። ደህና ሁኚ ሊል ነበር? አብረሽኝ ነይ ሊል ነበር? ለምን ጮህሽ ሊል ነበር? እየቀያየርኩ አፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ያኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ዛሬ የምኖረው እዚያው ዓለም ከተማ ነው። ጉልበቴ የመንዝን ዳገት እንቢ ሲለኝ ልጄ አመጣችኝ። እሷ ቢሮ ትሠራለች፤ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በገበያ ቀን ወንበር አውጥቼ በር ላይ እቀመጣለሁ። ልጄ ፀሐይ የምሞቅ ይመስላታል። እኔ የማየው የሚያልፉትን ሽማግሌዎች አንገት ነው። ቢኖር ሰባ ዓመት አልፎታል።

ሰፈሩ በአንድ ነገር ያውቀኛል፤ ተራ በማስከበር። ቦኖው ጋ ጀሪካኑን ከፊት ሊያስገባ የሞከረ ሰው እኔን ሲያይ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። «ዳኛዋ መጡ» ይላሉ፤ ይበሉ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ እንደሚቀዳ ለማወቅ ግን ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

የልጅ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አራት ዓመት ሲሆናት ቃል ይያዝባት ጀመር። ልጄ «ታድግና ይተዋታል» አለች። እኔ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን የአንገቷን ሥር ሳይ ወንድሜን አየሁት። ሁለት ክረምት ጠበል ወሰድናት። ደስ ብሏት ትመለሳለች፤ ቃሉ ግን አልለቀቀም። የነፍስ አባቴን ስጠይቃቸው፣ «ጠበሉንም ጠጡ፣ ሐኪምም ጠይቁ፤ ሁለቱ አልተጣሉም» አሉኝ። እኛ ግን ለዚህ ሐኪም ይኖራል ብለን አላሰብንም።

ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤቷ ወረቀት መጣ። ልጃችሁ በተደጋጋሚ ስለምትቀር ወላጅ ይቅረብ ይላል። ነደደኝ። በየቀኑ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ የማያት እኔ ነኝ። እጇን ይዤ ሄድኩ። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፤ መምህሩ ጠዋት ስም ሲጠራ «አለሁ» ማለት አለባት። «አለሁ» ደግሞ አይወጣላትም። መምህሩ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ መልስ ካልሰማ ቀሪ ይልና ያልፋል። ልጅቷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ቀሪ ስትባል ከረመች።

«ያለችን ልጅ የለችም ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» አልኩት።

መምህሩ ወጣት ነው፤ ደነገጠ። «ይቅርታ እማማ፣ ክፍሉ ሰባ ልጅ ነው፣ አላየኋትም» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እሷን፣ «አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

አፏን ከፈተች። አንገቷ ተወጠረ።

«አፍራ ነው» አልኩት።

መምህሩ ከዚያ በኋላ እጇን እንድታወጣ ተስማማ፤ እኔም ረትቼ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ግን ልጅቷ አሥር እርምጃ ቀደመችኝ። ቤት ስንደርስ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችና ዘርግታ አሳየችኝ። «አፍሬ አይደለም። ልል የነበረው ሌላ ነው» ይላል።

«ምን ልትይ ነበር?»

ደብተሩን ዘጋችው። ያን የተዘጋ ነገር አውቀዋለሁ። ከአጥሩ በር ላይ አውቀዋለሁ።

በዚያው ሰሞን አማቼ ከጉዞ ደስ ብሎት ገባ። መንገድ ላይ እንጥል የሚቆርጥ ሰው አግኝቷል። «ከምላሷ ሥር ያለችውን ክር አንዴ ነካ ያደርጋታል፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ሬዲዮ ትናገራለች ብሎኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ በገበያ ቀን ይመጣል» አለ። ልጅቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማንን ጠይቀህ ቀጠርከው?» አልኩት።

«እማማ፣ አባቷ እኮ ነኝ።»

«አባትነትህን ማን ወሰደብህ። ምላሱ የማን ነው ነው የምልህ።»

«ፍሬን የያዘበት መኪና እየለመኑት አይሄድም። ፈትተው ያላቅቁታል።»

«እንግዲያው እሷን ጋራዥ አስገባት።»

ልጄ ሳቀች፤ እሱም ሊስቅ ፈለገና ተወው። ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከመንገድ ስደውል ስልኩን የምታነሣው እሷ ነች። ሄሎ ማለት ያቅታታል። ትንፋሿን ብቻ እየሰማሁ መሪውን ይዤ አለቅሳለሁ። እስከ መቼ ልጠብቅ?» አለ።

አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ሐኪም ይያት አልኩ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የልጅቷን ምላስ አይታ የታሰረ ነገር እንደሌለ ነገረችንና፣ አዲስ አበባ የንግግር ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል እንድንሄድ ወረቀት ጻፈችልን። እንዲህ ያለ ባለሙያ በዓለም ላይ እንዳለ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ልጄ፣ የልጅ ልጄና እኔ በአውቶቡስ የጀማን በረሃ ወርደን፣ በወዲያኛው ጠመዝማዛ ወጥተን ሄድን።

ባለሙያዋ ወጣት ናት። ዶክተር ስላት «ዶክተር አይደለሁም እማማ፣ የንግግር ሕክምና ነው የተማርኩት» አለችኝ። ልጅቷን ምላስሽን አውጪ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አለቻት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«ምላሷ ጤነኛ ነው። ቢቆረጥ ይደማል፣ ሊያመረቅዝም ይችላል። መንተባተቡ ግን እዚያ ስለሌለ አይሄድም።»

«የት ነው ታዲያ ያለው?» አልኳት።

«ሰው ሲናገር ትንፋሹ፣ ጉሮሮው፣ ምላሱ፣ ከንፈሩ እኩል መገጣጠም አለባቸው። የሚያገጣጥማቸው አንጎል ነው። የእሷ ሲያገጣጥም ከሌላው ሰው ለየት ይላል፣ ይኸው ነው። የአእምሮ ማነስ አይደለም። ፍርሃትም አያመጣውም፤ ያባብሰዋል እንጂ። ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል። በቤተሰብ ሌላ ሰው አለ?»

ልጄ «የለም» አለች። እኔ «አለ» አልኩ። ልጄ ዞራ አየችኝ። አጎቷ አገር ጥሎ እንደሄደ እንጂ ለምን እንደሄደ ነግሬአት አላውቅም ነበር።

«ሲያነብ ግን አይያዝም ነበር» አልኩ። «ሆን ብሎ ነው እያሉ ይገርፉት ነበር።»

«ሲዘምሩና ከሰው ጋር አብረው ሲያነቡ ብዙዎቹ አይያዙም። ሆን ብለው አይደለም።»

የኔታ ይህን ሳይሰሙ ማረፋቸው ቆጨኝ።

ባለሙያዋ ከዚያ ልጅቷን፣ «አንድ ነገር ፈልገሽ፣ ቃሉ ከባድ ስለሆነብሽ ሌላ ነገር ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። ልጅቷ ወረቀት ወስዳ ጻፈች። ጠዋት ጠዋት ሻይ የምትለው ወተት ማለት ስለማይወጣላት ነው። ልጄ አፏን ያዘች። ስንት ዓመት ሙሉ «እሷ ሻይ ነው የምትወደው» ስትል ኖራለች። እኔ ደግሞ በሐሳቤ መንዝ ነበርኩ፤ እርጎው ቀርቧል፣ ወንድሜ ቆሎ ይላል፣ ሁላችንም እንስቃለን።

ልጄና ልጅቷ ውሃ ሊጠጡ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረሁና የቁልፉን ነገር ለባለሙያዋ ተናገርኩ። ወደ ቀኝ ማዞሬንም ነገርኳት። አልሳቀችም።

«እማማ፣ ቁልፉ ምንም አላደረገም። አልከፈተም፤ አልቆለፈምም።»

በነጠላዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ግን ከአንዱ ክስ ነጻ ወጥቼ ሌላውን መደበቅ አልፈለግኩም። «ቃሉን እኔ ስጨርስለት መኖሬስ?» አልኳት።

«መንተባተቡን እርስዎ አላመጡትም። ግን ሁልጊዜ ሰው የሚጨርስለት ሰው መናገሩን ይተወዋል» አለች።

ሁለቱንም ልክ ፈረደች።

ልጄና ልጅቷ ሲመለሱ ሕክምናው ምን እንደሆነ ዘረዘረችልን። ኪኒን የላትም። ያላት ልምምድ ነው፤ ቃልን በለስላሳው መጀመር፣ ሲያዝ ከመታገል ላላ ማድረግ፣ እየተያዘችም ቢሆን ሳትደበቅ መናገር። በየሁለት ሳምንቱ መምጣት አለባት፣ ወራት ይፈጃል። ምናልባትም ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን መናገር ይቀላታል። በአንድ ቀን አድናለሁ ከሚል ሰው ራቁ አለችን። ለእኛ ደግሞ የራሳችንን ሕክምና ሰጠችን። ቀስ በይ አትበሏት፣ ተንፍሺ አትበሏት። ዓይኗን እያያችሁ እስክትጨርስ ጠብቁ፣ ይኸው ነው አለች።

በመልሱ መንገድ አውቶቡሱ ጀማ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ስለ ቦኖው አሰብኩ። የጀሪካን ተራ ሲነጠቅ እጮሃለሁ። የንግግርም ተራ አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስነጥቅ ኖሬአለሁ፤ ያውም ከምወዳቸው ሰዎች።

የቆራጩ ቀጠሮ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተቀመጥን። አማቼ ግማሽ ልቡ አሁንም እዚያው ነበር። «ወራት ነው የምትሉኝ። መንገዱ ከባድ ነው፣ ትምህርቷ ይጎዳል። ያኛው አንድ ቀን ነው። ለሰውየው ምን ልበለው?» አለ። ልጄ ወደ እኔ አየች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፍርዱን እኔ እሰጥ ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶም ነበር።

«የምላሱን ባለቤት ጠይቋት» አልኩ።

ሁላችንም ወደ ልጅቷ ዞርን። ወዲያው ጉልበቷን አቀፈች። አባቷ፣ «እሺ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አላት።

አፏን ከፈተች። ቃሉ ተያዘ። ዓይኗ ተጨፈነ፣ አንገቷ ተወጠረ። ያ አንገት። አፌ ውስጥ ሦስት መጨረሻ ተዘጋጅቶ ቆሟል። እፈራለሁ ልትል ነው። እማማ ያሉትን ልትል ነው። እንደፈለጋችሁ ልትል ነው። የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ያዝኩ። ከውጭ ጋሪ አለፈ፤ የጎረቤት ዶሮ ጮኸ። አማቼ ሊናገር ሲል ልጄ ጉልበቱን ያዘችው። የመጀመሪያው ድምፅ ወጣ። እንደገና ተያዘ። ዓይኗን ስትገልጥ ሦስታችንም እያየናት ነበር፤ ማናችንም አልሳልንም።

«ምላሴን ማንም አይቆርጠውም» አለች። ረጅም ጊዜ ፈጀባት፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሷ ነው። ትንፋሽ ወሰደችና ቀጠለች። «ሐኪሟ ጋ እሄዳለሁ። እማማ ይዘውኝ ይሂዱ። ግን አብረውኝ አይገቡም። ውጭ ይጠብቁኝ።»

ካዘጋጀኋቸው ሦስቱ አንዱም አልነበረም።

አማቼ እየሳቀ እንባውን ጠረገ። «እማማ፣ ተፈረደብዎት» አለ።

«እኔ የተፈረደብኝን አውቃለሁ። አንተ ለሰውየህ ደውልና አትምጣ በለው» አልኩት። ተነሥቶ እዚያው ፊታችን ደወለ።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ጀማን ወርደን እንወጣለን። እሷ ትገባለች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር እቀመጣለሁ። በሩ ስስ ነው፤ ድምፅ ያልፋል። ድምፅዋ ይጀምርና ይቆማል። አንዳንዴ ዝምታው ይረዝምና ልነሣ ዳር ዳር እላለሁ፤ መልሼ እቀመጣለሁ። ከዚያ ይቀጥላል። ትምህርት ቤት አንዱን ቀን እጇን ታወጣለች፣ ሌላውን ቀን «አለሁ» ትላለች፤ መምህሩም ቀና ብሎ ይጠብቃታል። ጠዋት ወተት መጠጣት ጀምራለች። ያን ቀን መምህሩ ፊት ልትል የነበረውን ግን እስካሁን አልነገረችኝም። አልጠይቃትም። ተራው የሷ ነው።

በገበያ ቀን አሁንም በር ላይ እቀመጣለሁ። መንዝ ይናፍቀኛል፤ የብርዱን ሽታ፣ ጉሙን፣ የጽዱን ጥላ፣ ከአጥር ማዶ የሚሰማውን ያን ያልተሰናከለ ንባብ። ከሁሉ በላይ ግን ያ የተወጠረ አንገት ይናፍቀኛል። አንድ ቀን ከሚያልፉት ሽማግሌዎች አንዱ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ቃል ሲገፋ ባየው፣ ማን እንደሆነ እንኳ አልጠይቀውም። ከጎኔ ሌላ ወንበር አለ፤ እሱን ስቤ አስቀምጠውና ዝም እላለሁ። ገበያው ቢበተን፣ ፀሐይዋ ብትገባ፣ ልጄ ለራት ብትጠራኝ አልነሣም። ያን ጠዋት የጀመረውን እስኪጨርስልኝ ድረስ።